የመቀመጫን ቅርጽ በኦፕራሲዮን ስለ ማስተካከል

ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ የምንጽፍበት ነገር በአደባባይ ሲነገር የሚያሳፍር መስሎ ስለሚታይ፥ እስካሁን በዝምታ ስናልፈው ቆይተናል። ዳሩ ግን ዝምታው አንዲቱን እንኳ ከአደጋ እንዳላዳነ ስላየን፥ ነገሩን ገልጠን ለመጻፍ ወደድን። ይኸውም ዳሌንና መቀመጫን በኦፕራሲዮን ስለ ማስፋትና ስለ ማሳመር ነው።

ወደዚህ ጽሑፍ ያደረሰን ምክንያት እንዲህ ነው። የምንኖረው በአቃቂ ቃሊቲ፥ ከቃሊቲ መናኸሪያ ብዙ ሳይርቅ ባለ መንደር ሲሆን፥ ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት በመሆኑ ጎረቤቶቻችን የውል፥ የኑዛዜ ወይም የክስ ወረቀት ሲገጥማቸው ወደ እኛ ይዘው መምጣት ልማዳቸው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ በሰፈራችን የጨርቅ ሱቅ ያላት የጎረቤታችን ልጅ መጣች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው፤ ሁለት ልጆችም አሏት። ከቦርሳዋም በእንግሊዝኛ የተጻፈ አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት አውጥታ፥ «ጋሼ፥ ይህን አንብበው የሚለውን ይንገሩኝ፤ ለእማዬ ግን አይንገሩብኝ» አለችን።

ወረቀቱ በኢስታንቡል ከተማ ካለ አንድ የሕክምና ቤት የተላከ የፈቃድ ውል ነበር። የሕክምናውን ቤት ስም ማንሳት አያስፈልግም። ልጅቱ የእቁብ ዕጣ ደርሷት ገንዘቡን ለዚህ ነገር አስቀምጣዋለች። ስለ ምን ይህን እንደ ፈለገች ብንጠይቃት፥ እንደ ጠበቅነው ስለ ባል ወይም ስለ ወንድ ዓይን አልተናገረችም። ከመርካቶ የተገዛ ስፖንጅ ያለበት የውስጥ ልብስ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀሚሷ ሥር እንደ ለበሰች፥ በሚያዝያ ሙቀት እንኳ እንደማታወልቀው፥ ከዘመዶችዋ ጋር ወደ ሶደሬ ሄዳ ወደ ውሃው ሳትገባ እንደ ተመለሰች ነገረችን። እኛም በዚህ የሚሥቅ ሰው እንዳይኖር እንለምናለን። የአውሮፓ ወይዛዝርት ከ1870 እስከ 1890 ባሉት ዓመታት በቀሚሳቸው በስተኋላ የሽቦና የጨርቅ ድጋፍ እያሰሩ በቤተ መንግሥት ይታዩ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከዚያም በፊት በ1810 ሳርቲ ባርትማን የምትባል ሴት ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሎንዶን ተወስዳ፥ መቀመጫዋ ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ እንደ አውሬ በገንዘብ ትታይ ነበር፤ በ1815ም በፓሪስ ሞተች፤ አፅሟ ወደ ሀገርዋ አፈር የተመለሰው በ2002 ነው። ያን ጊዜ ሲዘባበቱበት የነበረው ቅርጽ ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛ ሆኗል።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ከአሥራ አንዱ ገጽ አራቱ ስለ ሆቴሉ፥ ከአውሮፕላን ጣቢያ ስለሚቀበላት መኪናና በስጦታ ስለሚሰጣት ልብስ ይናገራሉ። ሁለቱ ስለ ገንዘብ አከፋፈል ናቸው። በዘጠነኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ከተጻፉት ከሃያ በላይ ከሚሆኑ ቃላት መካከል፥ «የስብ ወደ ሳንባ መሄድ» የሚል አንድ መሥመር አለ፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። በመጨረሻውም ገጽ ክርክር ቢነሣ የሚታየው በዚያው አገር ፍርድ ቤት ብቻ ነው ይላል። ውል ማንበብ የዕለት እንጀራችን ስለ ሆነ፥ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ነገር አስፍቶ መመርመር ልማድ ሆኖብናል። ስለዚህ ልጅቱን ሳምንት ቀጥረናት፥ ሐኪሞችን ጠይቀንና የውጭ አገር የሕክምና ማኅበራት ያወጡትን አንብበን ያገኘነውን እንደሚከተለው እንጽፋለን።

ይህ ኦፕራሲዮን በዓለም ላይ የሚጠራው በብራዚል ስም ነው። ኢቮ ፒታንጊ የሚባለው የብራዚል ሐኪም ከ1960ዎቹ ጀምሮ የዳሌንና የመቀመጫን ቅርጽ በቢላዋ የማስተካከልን ጥበብ አስፋፍቶ ብዙ ተማሪዎችን ስላፈራ ነው። ፒታንጊ በ2016 በሪዮ ዴ ዣኔሮ የኦሎምፒክን ችቦ በያዘ በማግሥቱ አረፈ። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ግን ከቀድሞው ሥራ የተለየ ሲሆን፥ የሰውየውን የገዛ ስብ ከአንድ ቦታ ቀድቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በሽተኛይቱ (ምንም እንኳ ባትታመም ሌላ ቃል ስላላገኘን ነው) ማደንዘዣ ተሰጥቷት ትተኛለች። በሆድ፥ በወገብ ጎንና በጭን ቆዳ ሥር የጨው ውሃ ከማደንዘዣና የደም ሥርን ከሚያጠብ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ከዚያም ካኑላ በሚባል ጫፉ ዱልዱም በሆነ ቀጭን የብረት ቱቦ ስቡ ይመጠጣል። ስቡም ከደምና ከውሃ ተለይቶ ከጠራ በኋላ፥ በያንዳንዱ ወገን ብዙ መቶ ሚሊ ሊትር ያኽል በትንሽ በትንሹ ወደ መቀመጫው ይገባል። ሥራው በተለመደው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል።

የገባው ስብ እንደ ችግኝ ነው፤ በአዲሱ ቦታ የደም ሥር ካላበቀለ ይደርቃል። ስለዚህ ከገባው ውስጥ የሚቀረው በግምት ከግማሽ እስከ 70 ከመቶ ሲሆን፥ የቀረውን ሰውነት ያሟሟዋል። በመጀመሪያው ሳምንት በመስታወት የሚታየው ትልቅነት ግማሹ እብጠት መሆኑን ሳያውቁ የተደሰቱ ሁሉ፥ በሦስተኛው ወር ያዝናሉ። እውነተኛው ቅርጽ የሚታወቀው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ደግሞም ስቡ ከሆድ ቢመጣም ጠባዩን አይተውም፤ ሴቲቱ ስትወፍር ይወፍራል፥ ስትከሳ ይከሳል። የዐቢይን ጾም 55 ቀን አጥብቃ የምትጾምና በፋሲካ የምትካክስ ሴት ይህን አስቀድማ ብታስብበት መልካም ነው። በተፈጥሮዋ ቀጭን የሆነችም የሚቀዳ በቂ ስብ የላትም፤ አንዳንድ የሕክምና ቤቶች እንዲህ ያለችቱን ወፍረሽ ተመለሺ ይሏታል። ለእንደዚህች ያለችው ሲሊኮን የሚባል ጠንካራ ነገር በሥጋው ውስጥ ማስገባትም አለ፤ ነገር ግን ቁስሉ መከፈት፥ መመርቀዝና ከቦታው መንሸራተት ስለሚበዛበት ወደዚያ የሚያዘነብሉ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው።

አሁን በዘጠነኛው ገጽ ወደ ተጻፈው ወደ አንዱ መሥመር እንምጣ፤ የነገሩ ሁሉ ፍሬ በዚያ ነውና።

ከመቀመጫ ቆዳ በታች የስብ ሽፋን አለ፤ ከስቡ በታች ደግሞ በሰውነት ካሉት ጡንቻዎች ሁሉ ታላቅ የሆነው የመቀመጫ ጡንቻ ይገኛል። ከዚህ ጡንቻ ሥር ወፋፍራም የደም መልስ ሥሮች ያልፋሉ። እነዚህም በዳሌ ውስጥ ካሉት ሥሮች ጋር ተጋጥመው፥ ደሙን በትልቁ የደም መልስ ሥር በኩል በቀጥታ ወደ ልብ፥ ከልብም ወደ ሳንባ ያደርሱታል። ካኑላው ዘልቆ ወደ ጡንቻው ከገባና ከሥሮቹ አንዱን ከሸረከተ፥ በግፊት የሚገባው ስብ በተቀደደው ሥር ገብቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ልብና ሳንባን ይዘጋል። ይህ ከሆነ በኋላ የሐኪም ጥበብ የሚያድነው በጣም ጥቂቱን ነው። የሚያስፈራውም፥ ካኑላው ሥሩን ባይነካ እንኳ በጡንቻው ውስጥ የተቀመጠው ስብ በግፊት ወደ ታች ወደ ሥሮቹ የሚወርድ መሆኑ ነው።

ይህን ነገር የዘርፉ ሐኪሞች ራሳቸው መርምረውታል። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ይህን ኦፕራሲዮን ከሚያሠሩት 3,000 ያኽል ሰዎች አንዱ ሊሞት እንደሚችል ገመተ። ለውበት ተብሎ በጤነኛ ሰው ላይ ለሚሠራ ነገር ይህ እጅግ ከባድ ቍጥር ነው። በ2018 የብዙ አገሮች የውበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ያቆሙት ጉባኤ፥ አስከሬናቸው በተመረመረ ሰዎች ሁሉ ስቡ በጡንቻው ውስጥ ወይም ከጡንቻው በታች እንደ ተገኘ፥ ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ብቻ ተገድቦ የተገኘበት ሟች ግን እንደሌለ አስታወቀ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የውበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አባሎቹ ይህን ሥራ ጨርሰው እንዲተዉ መከረ። በ2022 ግን ምክሩን አሻሽሎ፥ ስቡ ከቆዳ ሥር ብቻ እንዲገባና ሐኪሙ የካኑላውን ጫፍ በአልትራሳውንድ መስታወት እያየ እንዲሠራ በማለት ፈቀደ። ጥንቃቄው ከታወቀ በኋላ በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት የሚሞተውን ከ15,000 ወደ አንድ ግድም ዝቅ አድርጎ ገምቶታል። ስለዚህ ሞቱ የሚመጣው ከዕድል ብቻ ሳይሆን ከሠሪው እጅም ጭምር ነው ማለት ነው።

የፍሎሪዳን ነገር ለብቻው ማንሳት ይገባል። በዚህች የአሜሪካ ክፍል በስተደቡብ ከ2010 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት በዚህ ምክንያት 25 ሴቶች እንደ ሞቱ ተጽፏል። ሐኪሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጡንቻው አልገባንም ሲሉ፥ አስከሬኑ ሲመረመር ስቡ በዚያው ይገኝ ነበር። በርካሽ ዋጋ ብዙ ሰው የሚያስተናግዱ ቤቶች ስለ በዙ፥ ሐኪሙ ከጧት እስከ ማታ ሲሠራ ይውልና እጁ ይዝላል፤ የዛለ እጅ ደግሞ የጥልቀትን ልክ ይስታል። ከዚህም የተነሣ በ2022 አንድ ሐኪም በቀን ከሦስት በላይ እንዳይሠራ ተደነገገ፤ በ2023ም አልትራሳውንድ ግዴታ እንዲሆንና ሐኪሙ ከሥራው ቀን አስቀድሞ ሴቲቱን ፊት ለፊት አግኝቶ እንዲመረምር ሕግ ወጣ። እንግዲህ ሐኪሙን በስልክ ፎቶግራፍ ብቻ የምታውቀው የእኛ ልጅ፥ በፍሎሪዳ ብትሆን ኖሮ ሕጉ ይጠብቃት ነበር።

ለሕክምና ባሕር ስለ መሻገር ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ከ2009 እስከ 2022 በዶሚኒካን ሪፑብሊክ የውበት ኦፕራሲዮን ካሠሩ አሜሪካውያን መካከል 93ቱ እንደ ሞቱ የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት በ2024 ገልጧል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሞቱትና ምክንያታቸው በሚገባ ከተመረመረው ከግማሽ የሚበዙት የሞቱት ከላይ በተናገርነው የስብ መሄድ ነው፤ ብዙዎቹም በረጋ ደም ነው። ደም በእግር ሥር የሚረጋው ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ስለ ሆነ፥ በአውሮፕላን ለረጅም ሰዓት መቀመጥ አደጋውን ያበዛዋል። ስለዚህ ሐኪሞች እንዲህ ካለ ሥራ በኋላ ቢያንስ 10 ቀን ያኽል ሳይበሩ መቆየትን ይመክራሉ። በልጅቱ ወረቀት ላይ ግን የመመለሻው ጉዞ በስድስተኛው ቀን ነው። ከኢስታንቡል አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ ደግሞ ከአምስት ሰዓት አያንስም፤ እርስዋም በመቀመጫዋ ላይ እንዳትቀመጥ ታዛለች። ወረቀቱ በአምስተኛው ገጽ አትቀመጪ ይላል፥ በሰባተኛው ገጽ የአውሮፕላን ወንበር ቍጥር ይሰጣታል።

ይህም ወደ ማገገሚያው ጊዜ ያደርሰናል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፥ እንደ አንዳንዶቹም ሐኪሞች ለስድስት ሳምንታት፥ በመቀመጫ ላይ መቀመጥም በጀርባ መተኛትም ክልክል ነው፤ ጫናው አዲሱን ስብ ይገድለዋልና። መኝታው በሆድ ነው። መቀመጥ የግድ ሲሆን ከጭን ሥር ትራስ ተደርጎ መቀመጫው ሳይነካ ይሆናል። ስቡ የተቀዳበትን ቦታ አጥብቆ የሚይዝ ልብስ ሌትና ቀን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይለበሳል። ሕመሙ ከመቀመጫው ይልቅ ስቡ በተቀዳበት በሆድና በወገብ ላይ ይበረታል፤ ሰውነቱም ይጠቁራል፥ ያብጣል፤ ከትንንሾቹም ቀዳዳዎች ለጥቂት ቀን ውሃ የመሰለ ደም ይወጣል። ከኦፕራሲዮኑ በፊትም ሲጋራ ቢያንስ አንድ ወር መተው፥ አስፕሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ቢኖር ለሐኪሙ መናገርና የደም ማነስ መኖር አለመኖሩን ማስመርመር ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለልጅቱ ስናነብላት በጥሞና ከሰማች በኋላ፥ «ታዲያ ጋሼ፥ ሱቁን ማን ይከፍትልኛል?» አለችን። እኛ ስለ ሞት ስንናገር ያልተነቃነቀችው ስለ ሱቁ ስታስብ ደነገጠች። እውነትም አስቡት፤ በሰፈራችን ሰው ታመመ ሲባል ጎረቤት ሁሉ እግዜር ይማርሽ ሊል ይመጣል፥ ቡና ይፈላል፥ በርጩማ ይቀርባል። በሽተኛይቱ ስድስት ሳምንት ቆማ ቡና ብትጠጣ ምን ትላቸዋለች? በሚኒባስስ ተንበርክካ ትሳፈር? ስለዚህ ለእናትዋ ሳይነገር ሊሆን የሚችል ነገር አይደለም አልናት። ብዙ ካሰበች በኋላ እሺ አለች፤ በማግሥቱም ከእኛ ጋር ሆና ነገረቻት። እናትዋም ጥቂት ዝም ብላ፥ «ልጄ፥ ስፖንጁ በልብስ ማስጫው ላይ ሲደርቅ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ፤ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር» አለቻት። እኛም በዚያን ጊዜ ወደ ደጅ ወጣን፤ የቀረው የእነርሱ ነገር ነበርና።

እናትዮዋ ግን በርካሽ የሚገኝ ሌላ መንገድ እንዳለ ሰምታ ኖሮ፥ «በመርፌ በቤት የሚወጋ አለ ይላሉ፤ የሚዋጥም ክኒን አለ» ብላ ጠየቀችን። ይህን በአጭሩ እንመልስ። ፈሳሽ ሲሊኮንን ለዚህ ነገር በመርፌ ማስገባት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጨርሶ ያልፈቀደው፥ በ2017ም ሕዝቡን ያስጠነቀቀበት ነው፤ ፈሳሹ ከገባ በኋላ ተመልሶ አይወጣም፥ በሥጋ ውስጥ እየተጓዘ ያሳብጣል፥ ያቈስላል፥ ወደ ደም ሥር ከገባም ይገድላል። ዳሌ ያሳድጋሉ ተብለው በየስልኩ ከሚሸጡት ክኒኖች ደግሞ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የታወቁት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ለአለርጂ የሚሰጥና የምግብ ፍላጎትን የሚያበዛ ሳይፕሮሄፕታዲን፥ ሁለተኛው ዴክሳሜታዞን ነው። ይህ ሁለተኛው ፊትንና ሆድን እያሳበጠ አጥንትን ያሳሳል፥ ስኳርንም ከፍ ያደርጋል፤ ዳሌን ለይቶ የሚያውቅበት ዓይን የለውም። በሀገራችንም ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተከለከለ ነው።

ከባሕር ማዶ የተመለሰች ሴት በቤትዋ ሳለች ትኵሳት ቢይዛት፥ አንድ እግርዋ ከሌላው ይልቅ ቢያብጥና ቢያማት፥ ትንፋሽ ቢያጥራት ወይም ደረትዋን ቢወጋት፥ ያን ጊዜውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ ለእኛ ሰፈር ቅርቡ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው። ሐፍረት ይዟት የሆድ ሕመም ነው ብትል ሐኪሙን በጨለማ ትመራዋለች። ቁስሉ ከሳምንታት በኋላ እንደ እባጭ እየተነሣ በተለመደው መድኃኒት አልድን ካለም፥ በ2013 እና በ2014 ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ በተመለሱ ሴቶች ላይ እንደ ታየው፥ ከሳንባ ነቀርሳ ዘር ጋር የሚዛመድ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ለወራት መድኃኒት የሚያስወስድ ነው። ስለዚህ የተደረገውን ሁሉ፥ ማለት የገባውን የስብ መጠን፥ የተሰጠውን መድኃኒትና የሠራውን ሐኪም ስም የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ይዞ መመለስ ከፓስፖርት የማያንስ ነገር ነው። በሀገራችን የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ቍጥር ጥቂት ሲሆን፥ በየካቲት 12 ሆስፒታልና በአለርት ያሉት በእሳት የተቃጠሉትንና በበሽታ አካላቸው የተጐዳውን ሲጠግኑ የሚውሉ ናቸውና፥ የሌላውን ሰው ሥራ ያለ ወረቀት መርምረው እንዲያርሙ መጠበቅ ይከብዳል።

ልጅቱ አሳቡን አልተወችውም፤ እኛም ተይው አላልናትም፥ አካሉም ገንዘቡም የራስዋ ነውና። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ስድስት ጥያቄ አብረን ጽፈን ላክን። ስቡ የሚገባው ከቆዳ ሥር ብቻ ነውን? ካኑላው በአልትራሳውንድ እየታየ ነውን የሚሠራው? ካኑላውን የሚይዘው ሐኪሙ ራሱ ነው ወይስ ረዳቱ? በዚያን ቀን ስንት ሰው ይሠራል? ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው፥ ድንገተኛ ነገር ቢነሣስ የነፍስ አድን ክፍል በዚያው ቤት አለን? የመመለሻውስ ቀን ከስድስተኛው ወደ አሥራ ሁለተኛው ሊዛወር ይችላልን?

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ቀኑን ማዛወር ይቻላል፤ የሆቴሉን ትርፍ ኪራይ ግን እርስዋ ትከፍላለች። ማደንዘዣ የሚሰጠው የተመዘገበ ሐኪም ነው፤ ስሙንም ጽፈዋል። ከቆዳ ሥር ብቻ እንደሚገባም አረጋግጠዋል። ስለ አልትራሳውንዱ፥ ካኑላውን ስለሚይዘው እጅና በቀን ስለሚሠራው ሰው ብዛት ግን ዝም ብለው፥ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ከከፈለች ከዋጋው አሥር ከመቶ እንደሚቀንሱላት ጽፈዋል።

ሦስቱን ጥያቄዎች እንደ ገና ጽፈን ልከናል። የእቁቡ ገንዘብ አሁን በእናትዋ ዘንድ ተቀምጧል፤ ይህ ጽሑፍ እስከ ተጻፈበት ቀንም መልስ አልመጣም።